ኩላንት ይጎድላል፣ ከመኪናዋ ሥር ግን ጠብታ የለም

ጤና ይስጥልኝ። የ2003 ሞዴል ቶዮታ ቪትዝ መኪና አለችኝ። የምኖረው ጎንደር ነው፤ ቤቴ አዘዞ፣ ሥራዬ ፒያሳ ነው፤ በየቀኑ ያንን ዳገት እወጣለሁ። እናቴን ለሕክምና የማመላልሰውም በሷ ስለሆነ መንገድ ላይ እንዳትቆምብኝ እሰጋለሁ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ኮፈኑን ከፍቼ የኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ማጠራቀሚያውን አያለሁ። እስከ ላይኛው ምልክት ሞልቼው በ5 ቀን ከታችኛው በታች ይወርዳል። ሦስት ጊዜ ሞላሁ።

ሌሊት ከሥሯ ካርቶን ዘረጋሁ፤ ደረቅ። የራዲያተሩን ክዳን ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ቱቦዎቹን በእጄ ዳሰስኩ፤ እርጥበት የለም። ዘይቱም ንጹህ ነው፣ ወተት አይመስልም። መካኒኩ «ውሃ ጨምርበትና ንዳ» አለኝ። መንስኤው ሳይታወቅ ይሄ መልስ አይሆነኝም።

አንድ ነገር ግን አስተዋልኩ። ዳገቱን ጨርሼ ሳቆም ጣፈጥ ያለ ሽታ ይሸተኛል። በውሃ ፓምፑ በኩል ደግሞ ጥፍር የምታህል፣ የደረቀች ሮዝ ቅርፊት አለች። ጠዋት ጭስ ማውጫው ነጭ ያጨሳል፤ የጎንደር ብርድ ይሁን ሌላ መለየት አቃተኝ።

ፓምፑን ከማስቀየሬ በፊት፣ የሚያፈሰው እሱ እንጂ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) አለመሆኑን በምን ላረጋግጥ?