«ለአዋቂ ለስላሳ፣ ለልጅ ከባድ»፦ የኖትር ዳሙ ጎባጣ ፊልም

ሶልያና፦ ትናንት እዚህ አንዱ «እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የዲዝኒ የኖትር ዳም ጎባጣ የፈረንሳዊውን ደራሲ የቪክቶር ሁጎን መጽሐፍ ገድሎታል፤ ለአዋቂ ለስላሳ፣ ለልጅ ከባድ ነው» ብሎ ጽፎ ሄደ። በጣም አናደደኝ። ሰሞኑን ደግሜ አይቼዋለሁ። ገና ሲጀምር ክፉው ዳኛ ፍሮሎ አንዲት እናት የፓሪሱ ኖትር ዳም ካቴድራል ደረጃ ላይ ይገድላል፤ ሕፃን ልጇን ኳሲሞዶንም ጉድጓድ ሊከት ነበር። ይሄ ነው ለስላሳ?

ቢኒ፦ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አሁንም እላለሁ። መጽሐፉ ላይ ጨፋሪዋ ልጅ ኤስሜራልዳ ትሰቀላለች። ጎባጣው ደወል ደዋይ ኳሲሞዶ ሬሳዋን አቅፎ እዚያው ይሞታል። ፊልሙ ላይ ሕዝቡ ተሸክሞት ሆ እያለ ያልቃል።

መምህሩ፦ ቢኒ፣ መጨረሻውን የቀየረው ዲዝኒ ብቻ መሰለህ? ሁጎ ራሱ መጽሐፉ በወጣ በአምስት ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1836፣ ለሙዚቃ አቀናባሪዋ ለሉዊዝ ቤርታን ኦፔራ ግጥም ሲጽፍ ኤስሜራልዳን ከስቅላት አድኗታል።

ቢኒ፦ መምህር፣ ኦፔራውን ይተዉት። የመጽሐፉ ፍሮሎ የካቴድራሉ ሊቀ ዲያቆን ነው፤ ጭንቁ ሁሉ ከዚያ ነው የሚመጣው። ፊልሙ ዳኛ አደረገው። ኳሲሞዶንም ደወሉ አደንቁሮት ነበር፤ እዚህ ጭራሽ ይዘፍናል። ለስላሳ ያልኩት ይሄንን ነው።

ሶልያና፦ ዳኛ ቢሆንስ? እሳቱ ፊት ቆሞ ማርያምን እየተማጸነ፣ ልጅቷ የኔ ካልሆነች ትቃጠል የሚልበትን ዘፈን አይተኸዋል? የራሱን ምኞት በሷ ላይ ነው የሚያላክከው። ከዚያ በላይ ምን ታሪክ ይነገር?

የናቲ እናት፦ ይቅርታ፣ ግን «ለልጅ ከባድ» ባለው እኔም እስማማለሁ። አሜሪካኖች ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል ብለው ደረጃ ሰጡት። ልጄ «ለምንድነው ሊያቃጥላት የፈለገው?» ሲለኝ ምን ልበለው?

ሶልያና፦ «ሰው የሱ ንብረት ስለመሰለው» በይው፣ እህቴ። ልጅ ይገባዋል። ኳሲሞዶን አደባባይ ላይ አስረው ቲማቲም ሲወረውሩበት፣ ያሳደገው ፍሮሎ ቁጭ ብሎ ያያል። ትምህርት ቤት የተሰደበ ልጅ ያንን ካንቺም ከኔም በላይ ያውቀዋል።

ቢኒ፦ ወዲያው ደግሞ ሦስቱ የድንጋይ ሐውልቶች መጥተው ይቀልዳሉ! ልጁ ሐዘኑን እንኳ ሳይጨርስ።

መምህሩ፦ በሐውልቶቹ ቢኒ እውነቱን ነው። እኔም አልወዳቸውም።

ሶልያና፦ እሺ፣ ሐውልቶቹን ውሰዷቸው። ግን ኳሲሞዶ ልጅቷን አያገኛትም። እጇን ይዞ ለወታደሩ አለቃ ለፌበስ ይሰጣታል። የልጆች ፊልም ሆኖ ይሄን ደፍሯል፤ ለምን አይቆጠርለትም?

ቢኒ፦ ለፌበስ! መጽሐፉ ላይ እኮ በሕይወት እያለ፣ እሱን ገደለች ተብላ ሲፈረድባት ዝም ያለ ሰው ነው። ሌላ ሴት አገባ። እሱን ጀግና ካደረጉት በኋላ ስለ የትኛው ድፍረት ነው የምታወሪው?

ሶልያና፦ ስለ ኳሲሞዶ ነው የማወራው፣ ቢኒ። ፌበስን አንተ ነህ ያመጣኸው።