ብጉንጅ በስንት ቀን ይድናል? መቼስ ነው የሚበጣው?

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)

የ15 ዓመት ልጅ ጭኑ ላይ ብጉንጅ ከወጣበት ዛሬ 5ኛ ቀኑ ነው። ቀልቶ አብጧል፣ ዙሪያው ይጠጥራል፣ መሐሉ ላይ ነጭ ነገር መታየት ጀምሯል። ትኩሳት የለውም፣ ምግብም ይበላል። ቤት ውስጥ አንዱ «በምላጭ ይበጣ» ይላል፣ ሌላው «አሞክሳሲሊን ይገዛለት» ይላል። እስኪድን ስንት ቀን ይፈጃል? ጤና ጣቢያ የሚያስሄደውስ ምን ሲታይ ነው?

መልስ (ጤና መኮንን፣ ደብረ ብርሃን)

ከወጣበት ቀን ይልቅ መግሉ የወጣበትን ቀን ቁጠሩ። የመጀመሪያዎቹ 2–4 ቀናት ጥሬ ነው፤ ይጠዘጥዛል እንጂ ውስጡ የሚፈስ ነገር የለም። ብዙ ጊዜ በሳምንቱ ውስጥ መግል ይቋጥርና መሐሉ ይለሰልሳል። ከፈሰሰ ሕመሙ ወዲያው ይቀልላል፣ ቁስሉ እስኪሽር ግን አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ሲደመር ከ1 እስከ 3 ሳምንት ነው። ጥቁር ምልክቱ ለወራት ቢቆይ አያስጨንቃችሁ።

የልጁ እየበሰለ ስለሆነ አሁን የሚረዳው ሙቀት ነው። ደጋ ላይ ውሃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ክንድ ላይ ጠብ ሲል የማያቃጥል እስኪሆን ይብረድ። ንጹሕ ጨርቅ ነክራችሁ ጨምቁትና ከ10–15 ደቂቃ ያዙበት፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። በመንዝ ብርድ ጨርቁ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ውሃውን በፔርሙዝ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ከላይ ደረቅ ፎጣ ደርቡበት፣ በየ2 እና 3 ደቂቃው እንደገና ንከሩት። «ሞከርነው፣ አልሠራም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ የቀዘቀዘ ጨርቅ ተይዞ ነው።

ምላጩን በፍጹም። ጥሬ ብጉንጅ ሲበጣ የሚወጣው ደም ነው፤ ሲጨመቅ ደግሞ መግሉ ወደ ውስጥ ይገፋል። ሳይፈርጥ ለስልሶ ከቆየ ጤና ጣቢያ አደንዝዘው ይበጡታል። አፉን አይሰፉትም፤ ላዩ ቀድሞ ከተዘጋ ከሥር እንደገና መግል ይቋጥራልና። ጉድጓዱ ከሥር ወደ ላይ መሙላት አለበት። እስከዚያ በሳሙናና በውሃ እየታጠበ ጎዙ በየቀኑ ይቀየር።

መልስ (ፋርማሲስት፣ ደብረ ሲና)

ስለ አሞክሳሲሊኑ። ብጉንጅ የሚያመጣው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ አብዛኛው ዝርያ አሞክሳሲሊንን የሚሰባብር ኤንዛይም ስላለው ብሩም ጊዜውም ይባክናል። ሐኪም መድኃኒት ያስፈልገዋል ካለ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ክሎክሳሲሊን ነው። እሱ በባዶ ሆድ ነው የሚወሰደው፦ ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ፣ በየ6 ሰዓቱ። ሕመሙ ቀለል ሲል በ3ኛው ቀን ማቋረጥ የተለመደ ጥፋት ነው፤ የታዘዘውን ጨርሱ። ክሎክሳሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ስለሆነ፣ ፔኒሲሊን የሚያሳክከው ወይም የሚያሳብጠው ሰው ሳይናገር እንዳይወስድ።

ትንሽ ብጉንጅ በደንብ ከፈሰሰ ግን ብዙ ጊዜ ያለ አንቲባዮቲክ ይድናል። እባካችሁ ካፕሱል ፈልቅቃችሁ ዱቄቱን አትነስንሱበት! ከመግሉ ጋር ይጋገርና አፉን ይደፍነዋል፤ ከላይ ደርቆ የዳነ ይመስላል፣ ከሥር ግን ይሰፋል። ቅቤም ቆሻሻ ይይዛል። እበትና አፈር ደግሞ መንጋጋ ቆልፍ ሊያመጡ ይችላሉ።

መልስ (ነርስ፣ ሸዋሮቢት)

ቀን ሳይቆጠር ጤና ጣቢያ የሚያስሄዱትን ልጨምር። አፍንጫ ላይ ወይም ላይኛው ከንፈር ላይ የወጣ፤ ከዚያ ያሉት የደም ሥሮች ወደ ጭንቅላት ስለሚያመሩ ፈጽሞ አይነካካ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት። ከብጉንጁ ተነስቶ እንደ ክር የሚሄድ ቅላት። ማጅራት ላይ ብዙ አፍ ያለው እብጠት። ስኳር ያለበት ሰው ላይ የወጣ ማንኛውም ብጉንጅ። ከነዚህ አንዱም ከሌለ፣ ሙቀት እየተደረገለት በሳምንት ውስጥ ካልፈሰሰ ወይም እየሰፋ ከሄደ ውሰዱት።

ከብት አርቢ አካባቢ ስለሆንን ይህንንም አስተውሉ፦ ብጉንጅ ያማል። የማያም፣ መሐሉ እንደ ከሰል የጠቆረ፣ ዙሪያው በጣም ያበጠ ቁስል፣ በተለይ የሞተ ከብት በገፈፈ ወይም ሥጋውን በነካ ሰው ላይ ከወጣ፣ አባ ሰንጋ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን መታየት አለበት። ቶሎ ከታከመ ይድናል።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)

እናመሰግናለን። ልጁ ከወንድሙ ጋር አንድ ባና ለብሶ ነው የሚተኛው። ይጋባል?

መልስ (ነርስ፣ ሸዋሮቢት)

መግሉ ይጋባል። እስኪደርቅ ለየብቻ ይተኙ፣ ቁስሉም በጎዝ ይሸፈን። ፎጣ፣ ምላጭና የውስጥ ልብስ አይዋዋሱ። አንሶላውንና ጋቢውን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ ባናው ሙቅ ውሃ ስለማይወድ በሳሙና ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። የልጁን ጥፍር አሳጥሩት፣ ጎዝ የቀየረ ሰውም እጁን በሳሙና ይታጠብ። በወራት ውስጥ እየተመላለሰ ከወጣበት ግን ስኳሩን አስለኩ።