ፎስፌት ሲበዛም ስፕላይሲንግ ይቆማል?

ማስተርስ_ላይ_ነኝ፦
ሰላም ናችሁ። ኤስአርኤስኤፍ1ን (ስፕላይሲንግን፣ ማለትም ከአርኤንኤ ላይ ኢንትሮን የሚባሉትን ክፍሎች ቆርጦ ቀሪውን መቀጠልን፣ የሚያግዝ ፕሮቲን) በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲንን በመጠን ለይቶ በሚያሳይ ዘዴ) ሳየው፣ በስሌት 28 ኪሎዳልተን ገደማ የሆነው ፕሮቲን 33 አካባቢ ይቀመጥብኛል። ፎስፌት ስለተሸከመ ነው ብዬ ተውኩት። አማካሪዬ ግን «ፎስፌቱ ሲያንስም ሲበዛም ስፕላይሲንግ ይበላሻል» ብሎኝ ሄደ። ሲያንስስ እሺ፣ ሲበዛ ለምን?

የላብ_ሰው፦
እህቴ፣ ጉዞውን ተከተይው። የፕሮቲኑ ጅራት አርጊኒንና ሴሪን የተፈራረቁበት ነው። ሳይቶፕላዝም ውስጥ ኤስአርፒኬ1 የተባለ ኢንዛይም ሴሪኖቹ ላይ ፎስፌት ይለጥፋል፤ ያኔ ትራንስፖርቲን-3 የተባለ አጓጓዥ ፕሮቲን ይዞት ኒውክሊየስ ይገባል። እዚያ ስፔክል በሚባል የስፕላይሲንግ ፕሮቲኖች ማከማቻ ውስጥ ይከማቻል። ሲኤልኬ1 የተባለ ሌላ ኢንዛይም ተጨማሪ ፎስፌት ሲጭንበት ከስፔክሉ ወጥቶ ገና እየተጻፈ ወዳለው አርኤንኤ ይሄዳል፣ ዩ1 የተባለው የስፕላይሲንግ ማሽን ክፍልም የኢንትሮኑን መነሻ እንዲይዝ ያግዛል። እስካሁን ጭነት ጠቃሚ ነው። ቆረጣው እንዲካሄድ ግን እንደ ፒፒ1 ያሉ ፎስፋቴዞች (ፎስፌት የሚነቅሉ ኢንዛይሞች) ማራገፍ አለባቸው። ለመሰብሰብ ይጫናል፣ ለመቁረጥ ይራገፋል። የማይራገፍ ከሆነ ማሽኑ ተሰብስቦ ቆሞ ይቀራል። (እኔም ዓመት ሙሉ ፎስፌትን እንደ መብራት ማብሪያ ነበር የማስበው።)

ቡና_በጨው፦
የዚሁ ፕሮቲን ዘመድ የሆነውን ኤስአርኤስኤፍ10ንም እዪው። ሴሉን ሙቀት ሲመታው ፒፒ1 ፎስፌቱን ይገፈዋል፤ የተገፈፈው ፕሮቲን ራሱ ስፕላይሲንግን ያፍናል። በነገራችን ላይ ላይሲስ በፈርሽ (ሴሉን የምታፈርሺበት ፈሳሽ) ውስጥ የፎስፋቴዝ ማገጃ አለ?

ማስተርስ_ላይ_ነኝ፦
የፕሮቲዬዝ (ፕሮቲን የሚቆርጥ ኢንዛይም) ማገጃ ብቻ ነው ያለው። ለካ ብሎቱ ላይ የሚታየው የፕሮቲኑ ባንድ (መስመር) አንዳንድ ቀን ሁለት የሚሆንብኝ ለዚህ ሊሆን ይችላል! ሰኞ እደግመዋለሁ።