ሩቅ ፕላኔቶችን ለልጆች በሥዕል እንዴት ላስተምር?

እህታችሁ ከባሕር ዳር
ሰላም ቤተሰብ። ከ12 እስከ 15 ዓመት ላሉ ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕልና ሥነ ፈለክን ያጣመረ ፕሮግራም ልጀምር ነው። ርዕሱ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ ያሉ ፕላኔቶች ናቸው። ቴሌስኮፕ የለንም። ያለን አዳራሽ፣ ጥቁር ወረቀትና የውሃ ቀለም ነው። ሥዕሉ ማስዋቢያ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሰጋሁ። ከየት ልጀምር?

የፊዚክስ መምህር
ከአቦል ጀምሪ እህቴ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮች ለአንድ ኮከብና ለፕላኔቱ ስም እንዲያወጡ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ ቡና፣ ፕላኔቱ አቦል ተባለ። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚከብድ የጋዝ ፕላኔት ነው። ኮከቡን አንዴ ለመዞር ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። የታወቀው በዓይን ታይቶ ሳይሆን ኮከቡን ሲያወዛውዘው ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሽከርከሩ። ትልቁም ባለበት አይቆምም። ወዲያው ይገባቸዋል።

ሰዓሊ ነኝ
መምህር ጥሩ ብለዋል። እኔ የምለው፣ «በምናባችሁ ሳሉ» ብለሽ ብቻ አትተያቸው። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው የሩቅ ፕላኔት ምስሎች አብዛኞቹ ፎቶ አይደሉም። ሰዓሊዎች ከመረጃ ተነስተው የሠሯቸው ናቸው። ልጆቹም ያንኑ ሥራ ይሥሩ። የተለካውን በቀለም፣ የተገመተውን በእርሳስ ይሳሉ። ኤችዲ 189733 ቢ የምትባለውን ሩቅ ፕላኔት ውሰጂ። ቀለሟ ደማቅ ሰማያዊ እንደሆነ በሀብል የጠፈር ቴሌስኮፕ ተለክቷል፤ ውጤቱ የወጣው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው። ግን እንደ ጣና ውሃ የላትም፤ ሙቀቷ ወደ 1000 ዲግሪ ነው። እንዲህ ያለውን ሰማያዊ እንዴት ይስሉታል? እዚህ ላይ ነው ጭንቅላታቸው የሚሠራው።

ከቻልሽ ደግሞ በጀልባ ዘጌ ውሰጃቸው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ተስለዋል። የጥንት ሰዓሊዎች ያላዩትን ደንብ ይዘው ነው የሳሉት። ልጆቹም ለጋዝ፣ ለዓለት፣ ለሙቀት የራሳቸውን ምልክት ይስማሙ።

የሁለት ልጆች እናት
ደንቡ ሲበዛ ይሰለቻሉ። መጀመሪያ እንደልባቸው ይሳሉ። ከዛ እውነቱን ሰምተው ደግመው ይሳሉና ሁለቱን ጎን ለጎን ስቀይላቸው።

የፊዚክስ መምህር
በዚህ እስማማለሁ። የሰማይ ምልከታውን ግን ለኅዳርና ታኅሣሥ አቆዪው፤ ክረምት ላይ ደመናው አያሳይም። ቡና ያለበት አንድሮሜዳ የተባለው የከዋክብት ስብስብ ያኔ ማታ በሰሜን በኩል ከፍ ይላል። ኮከቡ ራሱ ያለ መሣሪያ አይታይም፤ አካባቢውን አሳያቸው። ከመብራት ራቅ በሉ፣ ሐይቁ ዳር ድረስ ግን አትውረዱ። ጉማሬ ማታ ይወጣል።

እህታችሁ ከባሕር ዳር
እግዜር ይስጥልኝ! የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለአቦል አደረግኩት። ወረቀቱ ላይ የውሃ ቀለሙ ይታያል ግን?

ሰዓሊ ነኝ
ጥቁር ላይ አይታይም፣ ይጠፋል። ባለቀለም ጠመኔ ግዢ። የውሃ ቀለሙን ለነጭ ወረቀት አስቀምጪው፤ እዛ ላይ ለጥቁሩ ሰማይ የምድጃ ከሰል ይበቃል።