ፖስት ካርድ ብቻ ይዘው ሁለት ዓመት ሳይያዙ እንዴት ቆዩ?

ሰናይት፦
ኤማ ቶምሰንና ብሬንዳን ግሊሰን የተወኑበትን «አሎን ኢን በርሊን» የተባለውን የ2016ቱን ፊልም ያያችሁ ካላችሁ እርዱኝ። በናዚ ዘመን በርሊን ውስጥ ፀረ ሂትለር ካርድ እየጻፉ በየሕንፃው ስለሚያስቀምጡት ባልና ሚስት የሚያወራው ነው። ጌስታፖ (የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ) በሞላበት ከተማ ያን ያህል ጊዜ እንዴት ተሰወሩ? ካርዶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ለፖሊስ መሰጠታቸውስ እውነት ነው ወይስ ተጋኗል?

ዮናስ፦
እውነት ነው። ፊልሙ የተወሰደው በ1947 ከታተመው የሃንስ ፋላዳ ልቦለድ ነው። ፋላዳ ደግሞ የተነሣው በእውነት ከነበሩት ባልና ሚስት ከኦቶና ከኤሊዘ ሃምፐል የጌስታፖ መዝገብ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር)። ሃምፐሎች ቬዲንግ የሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ይኖሩ ነበር፤ ከ1940 እስከ 1942 ከ200 በላይ ካርድ ጽፈዋል።

የቆዩበት ምክንያት ብቻቸውን መሆናቸው ነው። ማኅበር የላቸውም፣ ማተሚያ የላቸውም፣ ስለዚህ ሰርጎ የሚገባ ጆሮ ጠቢ መግቢያ አያገኝም። እጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ እያንዳንዱን ፊደል ለያይተው በቁም ጽሕፈት ይጽፋሉ። ካርዱን የሚተዉት ብዙ ሰው በሚወጣ በሚገባበት የአፓርታማ ደረጃ ላይ ወይም የፖስታ ሣጥን ውስጥ ነው።

ያነሣው ሰው ግን ማን እንዳየው አያውቅም። ምናልባት ሊፈትኑት ያስቀመጡት ይሆናል። ኪሱ ቢከት፣ ለጎረቤት ቢያሳይ አንገቱን ያስቆርጠዋል፤ ለፖሊስ ማስረከብ ነው የሚያድነው። ስለዚህ የተመለሰው ካርድ ብዛት የፍርሃቱን ልክ እንጂ ሕዝቡ ሂትለርን መውደዱን አያሳይም። በተረፈ፣ እያንዳንዱ የተመለሰ ካርድ ለመርማሪው አንድ ተጨማሪ አድራሻ ነው። አብዛኛውን የጣሉት ከቤታቸው ብዙ ሳይርቁ ስለነበር፣ ፊልሙ ላይ ካርታው ላይ የሚሰኩት ምልክቶች አንድ አካባቢ መከማቸታቸው ትክክል ነው።

ብርሃኑ፦
ዮናስ ያለው ላይ የምጨምረው፦ ፊልሙ ላይ የሚሞተው ልጃቸው ነው፤ በእውነቱ ግን ፈረንሳይ ዘመቻ ላይ የሞተው የኤሊዘ ወንድም ነው። ከሁሉ የሚከብደኝ መጨረሻው ነው። ጥር 1943 የሕዝብ ፍርድ ቤት የሚባለው የናዚ የፖለቲካ ችሎት ሞት ከፈረደባቸው በኋላ ባቀረቡት የምሕረት ማመልከቻ አንዱ በሌላው ላይ አላክኳል። ልቦለዱም ፊልሙም ይህን ትተው እስከ መጨረሻው የማይናወጡ አድርገዋቸዋል። እኔ ቢካተት እመርጥ ነበር፤ ሞት ፊት የተርበተበተ ሰው ቀድሞ ያን ሁሉ ካርድ መጻፉ ድፍረቱን አይቀንሰውም። ኤፕሪል 8 ቀን 1943 ፕሎትሴንዜ እስር ቤት ሁለቱም አንገታቸው ተቆርጧል።

ሰናይት፦
አመሰግናለሁ። ካርዶቹ ላይ ግን ምን ነበር የሚጽፉት? ፊልሙ ብዙም አያስነብብም።

ዮናስ፦
አጫጭር ነገር ነው፣ የፊደል ግድፈትም ሞልቶታል። ለክረምት እርዳታ (ናዚዎች በየዓመቱ ሣጥን ይዘው ለሚሰበስቡት) መዋጮ አትስጡ፣ ለጦርነቱ አትዝመቱ የሚል ነው። መዋጮውን ልብ በይ፦ እምቢ ለማለት መሣሪያም ጓደኛም አያስፈልግም፣ ሣጥኑ ሲመጣ እጅን መሰብሰብ ነው። የነጭ ጽጌረዳ የሚባለው የሙኒክ ፀረ ናዚ ተማሪዎች ቡድን በማባዣ መሣሪያ በሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት ያወጣ ነበር፤ ለዚያ ግን ብዙ ወረቀት፣ ቴምብርና ረዳት ያስፈልጋል። ሃምፐሎች የፈለጉት ብዕርና ካርድ ብቻ ነው።

ብርሃኑ፦
ፊልሙን ደግመሽ ካየሽው ሲጽፉ የሚያሳየውን ትዕይንት አስተውዪ። ባልየው ጓንት አድርጎ፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየሣለ፣ በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። አሰልቺ ነው ያሉ ተመልካቾች አሉ፤ ለእኔ ከፊልሙ ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው እሱ ነው።