ግድቡ ተመርቋል፤ ቀጥሎ ምን ይቅደም?

አወያይ፦ ሕዳሴ ጳጉሜን 2017 ተመረቀ። 5,150 ሜጋ ዋት። ከሕዝቡ ግማሽ ያህሉ ግን ገና መብራት የለውም። የሚቀጥለው ብር የት ይግባ? ሌላ ማመንጫ ላይ፣ ለጎረቤት በሚሸጥ ኃይል ላይ ወይስ መንደር ውስጥ በሚዘረጋ መስመር ላይ?

የአዳማው፦ ንፋስ ላይ። ግንቦት 2011ን ረሳችሁት? የጊቤ ሦስት ውሃ ወርዶ በፈረቃ ከረምን። በበጋ ወንዙ ሲቀንስ ንፋሱ ይበረታል። እዚህ ኑና እዩት፣ ቆርቆሮ ያነሳል። ግን የንፋስ ማመንጫዎቹ፣ አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ናቸው። ሦስቱ ተደምረው የሕዳሴን አንድ ተርባይን አያክሉም።

ባለ ምጣዷ፦ ወንድሜ፣ ለእኔ ከውሃ መጣ ከንፋስ መጣ ምን ለውጥ አለው? ቤቴ ድረስ አይደርስም እኮ! የበዓል ዋዜማ ላይ ሊጡ ኩፍ ብሎ ምጣዱን ሰካሁ። ጎረቤቶቼም ሰክተዋል። አንድ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይጎትታል። አምፖሉ ቀላ፣ ምጣዱ ለብ አለ፣ እንጀራው ዓይን አላወጣም። ማታ ትራንስፎርመሩ ቷ አለ። ሰፈሩ ሲመሠረት ለጥቂት ቤት የተተከለ ነው፤ ቤቱ በዛ፣ እሱ ያው ነው። ቢሮ ብንመላለስ «ተራችሁን ጠብቁ»። በማግስቱ ከሰል ገዛሁ። ግድቡ ቦንድ የገዛሁበት ነው፣ ልብ በሉ።

ሒሳብ ሠሪው፦ እህቴ፣ እውነትሽን ነው። ግን ትራንስፎርመሩም ሽቦውም ዶላር ይፈልጋል። ወደ ኬንያ የሚሄደው መስመር 1,045 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዶላር የሚያመጣው እሱ ነው። ሳይሸጡ በምን ይገዛል?

ባለ ምጣዷ፦ እሺ ይሸጥ። ግን ከሽያጩ ይህን ያህሉ ለምሰሶና ለትራንስፎርመር ተብሎ አስቀድሞ ይቆረጥ። ካልተቆረጠ እኛ ጋ አይደርስም።

የአዳማው፦ በዚህ ተሸነፍኩ። ንፋሱ ሁለተኛ ይሁን። ሦስተኛ ግን አላደርገውም።

የዋጉ መምህር፦ ሁላችሁም ከተማ ናችሁ። እኛ ጋ ሦስት ቤት ተራራው ላይ፣ አራት ቤት ሸለቆው ውስጥ ነው። ለሰባት ቤት ማን ምሰሶ ይተክላል? ለእኛ ሶላር ይቅደም። የጤና ኬላው የክትባት ፍሪጅ በሱ ነው የሚሠራው።

ባለ ምጣዷ፦ የቤቱ ሶላር ምጣድ ይችላል?

የዋጉ መምህር፦ አይችልም። አምፖል፣ ስልክ፣ ሬዲዮ።

ባለ ምጣዷ፦ እንግዲያው ልጅቷ እንጨት መልቀሟ አይቀርም።

የዋጉ መምህር፦ አይቀርም። ማታ ግን ታጠናለች። አሁን በኩራዝ ነው።