ነፋስ የገባበት የኢንተርቪው ድምፅ ጉዳይ

ሰላም ነው፣ ደብረ ብርሃን የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ፣ ለመመረቂያ የሬዲዮ ዶክመንተሪ እየሠራሁ ነው። አንኮበር ወጥቼ አንድ አባት ስለ ድሮው የምኒልክ ግቢ ሲያወሩ ቀዳሁ፣ ቤት ገብተን እናውራ ብላቸው "ቦታውን ሳላሳይሽ ምኑን አወራዋለሁ ልጄ" ብለው ኮረብታው አናት ላይ ቆመው ነው ያወሩልኝ፣ የዛን አገር ነፋስ ደግሞ ያየ ያውቀዋል። የቀዳሁት በስልክ ነው፣ ኮሌታ ላይ በምትሰካዋ ማይክ፣ ስፖንጅ አላት ግን ለዛ ነፋስ ምንም አልፈየደችም። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ ኖይዝ ሪዳክሽን (ጫጫታ መቀነሻውን) ስሞክር ነፋሱ እንደ ፋን እኩል አይደለም አንዴ መጥቶ አንዴ ይጠፋል፣ ስለዚህ ድምፃቸውን ቆርቆሮ ውስጥ ያሉ አስመሰለው። ሃይ ፓስ ፊልተር (ወፍራሙን ድምፅ የሚቆርጠውን) 100 ኸርዝ ላይ ሳደርገው ጉምጉምታው በጣም ቀነሰ፣ ግን ነፋሱ ማይኩን በደንብ የመታበት ጋ ክሊፕ አድርጎ (ድምፁ ከልክ አልፎ ተበላሽቶ) ቃሉ ጭራሽ አይሰማም። አማካሪዬ ቤት ውስጥ ድገሚው አሉኝ፣ እኔ ግን እጃቸውን ዘርግተው "አዳራሹ ይኸውና እዚህ ጋ" የሚሏት ነገር ቤት ውስጥ የምትገኝ አይመስለኝም። የጠፉትን ቃላት በራሴ ትረካ ሞልቼ የሳቸውን ድምፅ ከነነፋሱ ብተወው ለሬዲዮ ያስኬዳል?